በጣቱ ስም ያወጣልኝ ሰው

የያዙኝ ከክፍል አስወጥተው ነው። ሰሌዳው ላይ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ከግማሹ ቀረ። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ስለወጣሁ ማቆያው ስደርስ መዳፌ ውስጥ ተሰባብሮ አገኘሁት። ጥፋቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ መናገሬ ነበር። ያለ ምክንያት ስለተባረረ አንድ ባልደረባችን ጉዳይ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ሲቀመጥ እኔ እጄን አወጣሁ፤ አንዴ ካወጣሁ ደግሞ ቶሎ አልቀመጥም። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ነው ያሳደገችኝ። ባለቤቴም «አፍህ ካንተ ቀድሞ ይደርሳል» ትለኝ ነበር። ሁለቱንም አልሰማኋቸውም።

ማቆያው እዚያው አቃቂ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙ ሳይርቅ፣ ድሮ የጥጥ መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ነው። ዛሬ ፈርሶ በቦታው ሌላ ነገር ቆሟል። ጊዜው ከሃያ አምስት ዓመት በፊት የነበረው የሰሜን ጦርነት ገና ያበቃበት፣ ከዚያ አቅጣጫ የመጣ እንግዳ ሰው ሁሉ በጥርጣሬ የሚታይበት ነበር። የብረቱ በር ሲከፈት ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ውስጥ አርባ ያህል ሰው ተደጋግፎ ተቀምጧል። ከየሚስማሩ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ የእያንዳንዱ ሰው ንብረት ያ ነው። ቤቱ ላብ፣ የትናንት ወጥና የሽንት ባልዲ ይሸታል። ከዚህ ሁሉ ሥር ግን የጥጥ አቧራ ሽታ አለ። አባቴ ከፋብሪካ ሲመለስ ልብሱ ላይ የማውቀው ሽታ ነው።

የክፍሉ ኃላፊ፣ ካቦ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸው የገፋ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ምን አድርገው እንደገቡ አንድም ቀን አልነገሩንም።

«ቲቸር ነህ አሉ» አሉኝ። «እዚህ ቦታ የሚሰጠው በመጣህበት ተራ ነው። ከባልዲው አጠገብ ትጀምራለህ። ሰው ሲፈታ ወደ መስኮቱ ትጠጋለህ።»

«እሺ ጋሼ» አልኩና ፌስታሌን አስቀምጬ መንጎራደድ ጀመርኩ። ከበሩ እስከ ኋላው ግድግዳ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ የተዘረጋ እግር እየዘለልኩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። ስቀመጥ ደረቴን ይጨንቀኛል፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። «አዞርከን እኮ፣ ቁጭ በል» የሚል ከየአቅጣጫው መጣ። ሳይቆጣ ያየኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከባልዲው ማዶ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ አንድ መዳፉን ሲሚንቶው ላይ ዘርግቶ የተቀመጠ ቀጭን ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ስሄድ በዓይኑ ይሸኘኛል፣ ስመለስ በዓይኑ ይቀበለኛል።

አጠገቡ ስቀመጥ «ከየት ነህ?» አልኩት። ፈገግ ብሎ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «በምን ገባህ?» አልኩት። አሁንም ራሱን ነቀነቀ። ኩራተኛ መሰለኝና ተውኩት።

በነጋታው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆጠራ ሆነ። አምስት አምስት ሆነን በረድፍ እንቀመጣለን፤ የየረድፉ መጨረሻ ያለው ሰው «አምስት»፣ «አሥር»፣ «አሥራ አምስት» እያለ ይጠራል። ያ ቀጭን ሰው እስከዚያ ቀን መሀል ላይ ነበር የሚቀመጠው። እኔ ስመጣ ረድፉ ተሸጋሸገና እሱ ጠርዝ ላይ ደረሰ። ሠላሳ አምስት ላይ ቆጠራው ቀጥ አለ።

«ማነው እዚያ?» አለ ጠባቂው ከኋላ። መልስ የለም። «አንተን እኮ ነው፣ አትናገርም?»

ሰውየው ፊት ለፊቱን ያያል። ዱላው ትከሻው ላይ አረፈ። ዞሮ የጠባቂውን አፍ አየና ራሱን ነቀነቀ። ጠባቂው ያሾፈበት መሰለው፤ ደገመው። እኔ ያየሁት ትከሻውን ነው። ዱላው እስኪያርፍበት ድረስ ንቅንቅ አላለም። ሰው ከኋላው ሲጮኹበት ትከሻው ይሸማቀቃል፤ አሥራ ሁለት ዓመት ተማሪ ላይ የጮኽኩ ሰው ነኝና አውቃለሁ።

ተነሳሁ። «አይሰማም እኮ። ሰውየው መስማት አይችልም።»

ለእኔም ደረሰኝ። ክፍሉ በሙሉ የዚያን ቀን ፀሐይ ተከለከለ። ፀሐይ ማለት ግማሽ ሰዓት ግቢ ውስጥ መቆም ነው፤ አርባ ሰው ያን ግማሽ ሰዓት ከጠዋት ጀምሮ ይጠብቀዋል። ቀኑን ሙሉ እኔንም እሱንም የሚያናግር ጠፋ።

«አራት ቀን አብሮን ሲበላ ደንቆሮ መሆኑን አላወቅንም» አሉ ካቦው ሲመሽ። ያኔ ሁላችንም የምንጠራው በዚያ ቃል ነበር፤ እኔም ጭምር። «አንተ አንድ ቀን ሳይሞላህ በምን አወቅህ?»

«በትከሻው ጋሼ።»

«እንግዲያው አንተ ያዘው» አሉኝ። በቆጠራ ጊዜ ከጎኔ እንዲቀመጥ አደረጉ፤ ጠርዝ ላይ እኔ እንድሆን።

አስተማሪ ነኝና መጀመሪያ ያሰብኩት ጽሕፈት ነው። ከካቦው አንድ ስንዝር የማትሞላ እርሳስ ለመንኩ፤ የሲጋራ ፓኮ ገልብጬ በጥሩ እጅ ጽሑፍ «ስምህ ማነው? ከየት መጣህ? ለምን ታሰርክ?» ብዬ ሰጠሁት። አየውና ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለኝ። ረዘም አድርጌ ጻፍኩ፤ ነቀነቀ። አንድ ገጽ ሙሉ ስለ መብቱ ጻፍኩለት፤ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ ነቀነቀ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠረጠርኩና «አህያ ነህ?» ብዬ ጻፍኩ። ፈገግ ብሎ ነቀነቀ። ወረቀቱን ቀዳድጄ ባልዲው ውስጥ ከተትኩት። ለራሴ በጣም አፈርኩ።

እሱ ግን እርሳሱን ወሰደና በሌላ ፓኮ ላይ በሚንቀጠቀጡ ፊደላት ስሙን ጻፈ። ከሥሩ ሌላ ስም ጻፈ፤ የሴት ስም ነው። ከዚያ መሳል ጀመረ። ያን ጊዜ ነው ሰውየው ማን እንደሆነ ማወቅ የጀመርኩት።

ታሪኩን ከሥዕሉና ከሚያስተምረኝ የእጅ ምልክት ለመሰብሰብ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። በሕፃንነቱ ትኩሳት ታሞ ጆሮው ጠፋ። በከተማቸው መስማት ለተሳናቸው ልጆች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ሦስተኛ ክፍል ድረስ እዚያ ተማረ፤ የምልክት ቋንቋውን ያገኘው እዚያ ነው። ካደገ በኋላም ከዚያው አልራቀም፤ ለትምህርት ቤቷ ወንበርና ጠረጴዛ እየጠገነ፣ ከጓደኞቹ ጋር በእጁ እያወራ ይኖር ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ትምህርት ቤቷ ተዘጋች፤ አስተማሪዎቹም ጓደኞቹም በየአቅጣጫው ተበተኑ። ከዚያ ወዲያ በእጁ የሚያናግረው ሰው አልነበረውም። የቤታቸው ግድግዳ ሲፈርስ እሱ ውስጥ ተኝቶ ነበር፤ የመድፉን ድምፅ ያወቀው አፈር ሲወድቅበት ነው። ከስሙ ሥር ስሟን የጻፈላት አንድ እህቱ ቀደም ብላ አቃቂ መጥታ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች። እሷን ፍለጋ ብቻውን ተነሳ። ሰው መጠየቅ ስለማይችል መንገዱን በደብተር እየሳለ መጣ፤ ድልድዩን፣ ኬላውን፣ አውቶቡሱን፣ ወታደሩን። አቃቂ ሲደርስ አንድ ጠባቂ ከኋላው «ቁም» አለው። አልቆመም። ተይዞ ሲፈተሽ ደብተሩ ተገኘ።

ሲመረምሩት ደግሞ ራሱን ነቀነቀ። ሰው አፉን ሲያንቀሳቅስበት ራሱን መነቅነቅ ኑሮ ያስተማረው ልማድ ነው፤ ከነቀነቀ ሰው ይተወዋል። ሰላይ ነህ ሲሉት ነቀነቀ። አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳረፉት። እኔ ይህን ስረዳ ብድግ ብዬ አሥራ አንዷን እርምጃ ምን ያህል ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም።

ስም ያወጣልኝ በዚያው ቀን ነው። ግራ መዳፉን ዘረጋ፤ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች እንደ ሰው እግር አቆመና በመዳፉ ላይ ወዲህና ወዲያ አንጎራደዳቸው። ከዚያ ወደ እኔ ጠቆመ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ የፀሐዩን ነገር ያልረሱት እንኳ ሳቁ። ካቦው መሪ የሚያሽከረክሩ ሁለት እጆች ሆኑ። ጠባቂው ትከሻ ላይ የሚያርፍ ቡጢ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከካቦው በቀር ማንም «ቲቸር» ብሎ አልጠራኝም፤ በሁለት ጣት ነው የሚጠሩኝ።

ክፍሉ የወደደው ግን በሌላ ነገር ነው። ካቦው በዱቄት ከረጢት ውስጥ የደበቁት ትንሽ ሬዲዮ ነበራቸው፤ ዜና ልንሰማ በከፈትነው ቁጥር ጠባቂ ይደርስብናል ብለን ነፍሳችን ትወጣለች። ያ ሰው መዳፉን ሲሚንቶው ላይ ዘርግቶ ነው የሚውለው። የግቢው ብረት በር ሲነካ፣ ቦት ጫማ ኮሪደሩ ላይ ሲረግጥ፣ ከማናችንም በፊት ያውቃል። ባቡር ሲመጣ ገና ሳንሰማው ጣቱን ወደ ሐዲዱ ይቀስራል። ስለዚህ ሬዲዮው ሲከፈት ጥበቃው የእሱ ሆነ። እጁን ካነሳ ካቦው ያጠፋሉ። አንድ ጊዜም አልተሳሳተም። አርባ የሚሰማ ሰው በአንድ የማይሰማ ሰው መዳፍ ተማምኖ ዜና ያዳምጥ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጠባቂው በሩ ላይ ቆሞ ስሙን ጠራ። «የዚህን ሰውዬ ቋንቋ የሚያውቅ አለ?» ብሎም ጠየቀ።

«እኔ» አልኩ፤ ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው ብድግ ያልኩት።

ካቦው እጄን ያዙ። «ቲቸር፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም» አሉኝ በዝግታ። «የሦስት ሳምንት ምልክት ይዘህ ነው ሰው ነፍስ ውስጥ የምትገባው?»

«ሌላ ማን አለ ጋሼ? ዝም ልበል?»

እጄን ለቀቁኝ።

መርማሪው ጉንፋን የያዘው፣ የደከመው ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ ፋይሉና ያ ደብተር ተቀምጠዋል። ሁለታችንንም ወንበር ላይ አስቀመጠን። ቀድሞ የተጻፈውን ቃል አነበበልኝ፤ እሱ የጻፈው እንዳልሆነ ደጋግሞ ነገረኝ።

«ሰላይ ነህ ወይ ተብሎ አዎ ብሏል። ማን ላከህ ተብሎ አዎ ብሏል።»

«ማን ላከህ ተብሎ አዎ ይባላል እንዴ?» አልኩት።

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እኔም አይቼዋለሁ መምህር። ግን ፋይሉ አርብ ወደ በላይ ክፍል ይተላለፋል። አርብ ከሄደ በኋላ በእኔ እጅ አይደለም፤ እዚያ ደግሞ ስለ ነቀነቀ ሰው የሚጨነቅ የለም። ስለዚህ ቶሎ በሉ፣ ደብተሩ ምንድነው?»

ዞሬ ጠየቅሁት። ወዳጄ ብዙ ጊዜ የጠበቀውን ጥያቄ እንዳገኘ ፊቱ በራ። እጆቹ መሮጥ ጀመሩ። ለሰባት፣ ለስምንት ደቂቃ ተናገረ። ከዚያ ውስጥ የገባኝ ሲሶው ቢሆን ነው፤ የቀረውን ከራሴ ሞላሁ። «መንገድ ጠፍቶበት ነው፣ ምንም አያውቅም፣ ሥዕል ይወዳል፣ ምስኪን ሰው ነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ እንደ ልማዱ ይወርዳል። መርማሪው እኔንና እሱን እያፈራረቀ ያያል።

«ይህን ሁሉ ጊዜ የተናገረው ይህቺን ብቻ ነው?» አለኝ።



አፍንጫውን ጠረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ፤ ጤነኛ ካልሆነ ንገረኝ። ጤነኛ ላልሆነ ሰው ፋይል አይተላለፍም። በአንዲት ወረቀት ዛሬውኑ ይሄዳል።»

ዛሬም ድረስ ስለዚያች ደቂቃ ሳስብ ፊቴ ይግላል። በሩ ተከፍቶ ታየኝ። ምሳ ሳይደርስ ሲወጣ፣ ከእህቱ ጋር ሲገናኝ ታየኝ። ለእሱ ብዬ ነው፤ ይህን እምላለሁ። ጣቴን ወደ ጆሮ ግንዴ አነሳሁና አዞርኩት፤ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው። «ትንሽ ይነካካዋል» አልኩ።

የረሳሁት ነገር እሱ በዓይኑ የሚሰማ ሰው መሆኑን ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ከተናገርኩት ሁሉ በሙሉ የደረሰው ያ አንድ ነገር ብቻ ነው።

ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ጠባቂው ከበሩ ገባ። መርማሪው «ተወው» አለ። ወዳጄ እኔን አላየኝም። ደብተሩን ስቦ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። የፈረሰ ግድግዳ። ገለጠ። አውቶቡስ። ገለጠ። ኬላና ወታደር። ጣቱን ወታደሩ ክንድ ላይ አደረገ። ገለጠ፤ ሌላ ወታደር፣ አሁንም ጣቱን ክንዱ ላይ። መርማሪው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ደብተሩ ውስጥ ያሉት ወታደሮች ሁሉ ክንዳቸውን ዘርግተው ነበር። የአንዱም መሣሪያ አልተሳለም። ሁሉም መንገድ እያመለከቱት ነው። እኔ ያን ደብተር አላየሁትም ነበር፤ ስለ እሱ ግን ስናገር ቆይቻለሁ።

የመጨረሻው ገጽ ላይ የፋብሪካ በር አለ፤ በሩ አጠገብ ፊቷ ያልተሳለ ሴት ቆማለች። ፊቷን ጠቆመ፤ ቀጥሎ ዓይኑን፤ ቀጥሎ ባዶ እጁን ዘረጋ። ገና አላየኋትም ማለቱ ነው። ይህ ለመርማሪውም ያለ አስተርጓሚ ገባው።

ይሁን እንጂ መርማሪው ነገሩን ለማሳጠር ፈለገ። ወረቀት አውጥቶ ጻፈ፤ አነበበልኝ። አእምሮው ጤነኛ ሆኖ ስላልተገኘ ይለቀቅ ይላል። የቀለሙን ሙዳይ ከፈተ። «ያሳርፍና ይሂድ።»

ወዳጄ አውራ ጣቱን ቀለሙ ውስጥ ነከረ። ወረቀቱ ላይ ሊያሳርፍ ሲል ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። በሌላው እጁ ወረቀቱን፣ ከዚያ የእኔን እጅ ጠቆመ። ምን እንደሚል ንገረኝ ማለቱ ነው። ራሱን አልነቀነቀም።

መዋሸት እችል ነበር። መርማሪውም እንድዋሽ በዓይኑ ይለምነኛል። ግን አንድ ጊዜ አይቶኛል። ጣቴን እንደገና ወደ ጆሮ ግንዴ አነሳሁ፤ እንደ ድንጋይ ከበደኝ።

አውራ ጣቱን አየው። ከዚያ ቀስ አድርጎ በራሱ ሸሚዝ ላይ ጠረገው፤ በደረቱ በኩል፣ ንጹሕ በነበረው ቦታ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና ተቀመጠ።

«እምቢ አለ?» አለ መርማሪው።

«እምቢ አለ» አልኩ። የዚያን ቀን በትክክል የተረጎምኩት ይህን ብቻ ነው።

ክፍል ስንመለስ ተናድጄ ነበር፤ በእሱም በራሴም። ፊቱ ተቀምጬ በእጄ ማስረዳት ጀመርኩ። አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። ሌላ ሰው ፊቱን ቢያዞርብህ ከኋላ ታናግረዋለህ፤ እሱ ዓይኑን ከጨፈነ የምትገባበት በር የለም። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ እኔ ስጠጋ ጨፈነ። አሥራ አንዷ እርምጃ አልበቃኝ አለች።

«ነፃ ይወጣ ነበር ጋሼ» አልኳቸው ካቦውን። «ዛሬ እህቱ ቤት ይሆን ነበር። አርብ ደረሰ።»

«ያን ወረቀት ይዞ ነዋ የሚወጣው» አሉኝ። «እብድ ነው የሚል ማኅተም ይዞ። መታወቂያ ማን ይሰጠዋል? ሥራ ማን ይቀጥረዋል? ነገ ሰው ቢበድለው ቃሉን ማን ይቀበለዋል? አንተ ከአንድ ክፍል ልታወጣው ብለህ ዕድሜ ልኩን ልታስረው ነበር።» ከረጢቱን ሳብ አድርገው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉና ሬዲዮዋን መጠቅለል ጀመሩ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መዳፉን ከሲሚንቶው ላይ አነሳ። በሩ ተከፈተ። እሱን ብቻ ጠሩት። «እኔስ?» አልኩ። «አንተ አልተጠራህም» አለኝ ጠባቂው። ከምሳ በኋላ የሄደ ሰው ለማታው ቆጠራ ጥቂት ሲቀረው ተመለሰ። እነዚያን ሰዓታት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው ካቦው ይንገሩ፤ እግራቸውን ሁለቴ ረግጫቸዋለሁ።

ሲገባ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ዓይኑ ተከፍቷል። መናገር ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር አደረገ፤ የእጅ አንጓዬን ያዘ። አጠር ያለ ነገር በምልክት ይነግረኝና ይቆማል። እኔ የገባኝን መልሼ በምልክት እነግረዋለሁ። ልክ ከሆንኩ አንጓዬን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋል። ከተሳሳትኩ ሁለት ጊዜ መታ አድርጎ እንደገና ይነግረኛል። ሳልጨርስ ላልፍ ስል ይይዘኛል። በሕይወቴ ሰው እንደዚያ አዝግሞ አስተምሮኝ አያውቅም።

መርማሪው የመጨረሻዋን ገጽ ይዞ ሰው ወደ ፋብሪካው በር ልኮ ነበር። እህቱ ከሥራ ስትወጣ እሱ በጻፈላቸው ስሟ ጠርተው አመጧት፤ ሻሿ ላይ ጥጥ እንዳለ። አብረው ያደጉ ናቸውና የእጁን ቋንቋ ታውቃለች። ቃሉን ከመጀመሪያው በእሷ በኩል ሰጠ። ያ የነቀነቀበት ወረቀት ለምን እንደተጻፈም ራሱ በሠርቶ ማሳያ አሳያቸው፤ ምንም ያልገባው ሰው ፊት አድርጎ ሦስት ጊዜ ነቀነቀ፣ ከዚያ በጣቱ «አይደለም» አለ። አዲሱን ቃል እህቱ መስመር በመስመር መልሳ ነገረችው። ሲስማማ በአውራ ጣቱ አልፈረመም፤ እርሳስ ለምኖ ስሙን ጻፈ። ይህን ሲነግረኝ አንጓዬን ሁለት ጊዜ መታ፤ «ፈረመ» ብዬ ስለነበር ነው። ጻፈ ነው፣ አላሳረፈም። አስተካከልኩ። አንድ ጊዜ መታ አደረገኝ።

«ይቅርታ» ማለት በምልክት እንዴት እንደሆነ አላስተማረኝም ነበር። ጣቴን ወደ ጆሮ ግንዴ አነሳሁ፤ ከዚያ ያንኑ ጣት በሌላው እጄ ጨብጬ ወደ ታች ሳብኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ አለቀስኩ።

ፋይሉ አርብ አልተላለፈም። እሱ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ጠዋት ተፈታ። ፌስታሉን ከሚስማሩ አውርዶ የእኔን በቦታው ሰቀለልኝ፤ ከባልዲው የራቀ ሚስማር ነበር። በሩ ላይ ዞሮ ግራ መዳፉን ዘረጋ። ሁለቱን ጣቶች አቆመ፣ አንጎራደዳቸው፣ ወዲህና ወዲያ። ከዚያ ጣቶቹን በጉልበታቸው አጠፋቸውና መዳፉ ላይ አስቀመጣቸው። ጠባቂው ገፋው፤ ወጣ። በዚያች ዕለት ሬዲዮው አልተከፈተም፤ የሚጠብቅልን አልነበረም።

እኔ ከሁለት ወር በኋላ ያለ ክስ ወጣሁ። ለምን እንደገባሁም ለምን እንደወጣሁም የነገረኝ የለም። ከዚያ በኋላ እሱን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሳሪስ አቦ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ። እሱ ከመንገዱ ማዶ፣ እኔ ከወዲህ፤ በመሀላችን ታክሲና አይሱዙ ይተራመሳል፤ ረዳቶቹ ይጮኻሉ። ማንም ሰው በዚያ ጫጫታ ላይ ሊናገር አይችልም፤ እኛ ግን አወራን። ብረታ ብረት ቤት እንደሚሠራ፣ ሁለት ልጆች እንዳሉት፣ ልጆቹ እንደሚሰሙና በእጃቸውም እንደሚናገሩ ነገረኝ። አሁንም ትንጎራደዳለህ ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። መንገዱ ሲከፈት ልሻገር ስል ታክሲው መጣለትና ሄደ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አቃቂ በሰቃ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ወዳለች አዳራሽ እሄዳለሁ። ከየግጭቱ ቦታ ተፈናቅለው የመጡ መስማት የተሳናቸው ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ አንዳንዶቹ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት ሌላ መስማት የተሳነው ሰው አይተው አያውቁም። የሚያስተምሯቸው ራሳቸው መስማት የተሳናቸው መምህራን ናቸው። እኔ አግዳሚ ወንበር እደረድራለሁ፤ ሰው ሲያስፈልግ ድምፅ እሆናለሁ። የእጅ አንጓውን ዘዴ ሁሉም ያውቁታል፤ ከማን እንደተማርኩት ግን ለብዙዎቹ አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ሰዎች መጡ። ደብተር አውጥተው ዓይናቸውን እኔ ላይ ተክለው «እነዚህ ሰዎች ምንድነው የሚፈልጉት መምህር?» አሉኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። በቁጥር፣ በዝርዝር፣ አሳምሬ መናገር እችላለሁ፤ አፌ ተከፍቶም ነበር። እግሬ ተነስቷል። ከፊት ወንበር ላይ ባለፈው ዓመት ከሦስት ልጆቿ ጋር የመጣች ሴት ታየኛለች፤ ዓይኗን ከእጄ ላይ አልነቀለችም።

«እሷን ጠይቋት» አልኳቸው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና የእጅ አንጓዬን ሰጠኋት።

በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ መታችኝ። እንደገና ጀመርኩ።